ስንቴ ሞቶ ሞቶ

ጋሼ ያረፈው በቁልቢ ሰሞን ነው። ታኅሣሥ 19 ሲቃረብ ድሬዳዋ የነዋሪዎቿ ብቻ መሆኗ ይቀራል። ሆቴሉ ይሞላል፣ አልጋ ያጣው እንግዳ ዘመድ ቤት ምንጣፍ ላይ ይጋደማል፣ የባጃጅ ሒሳብ ይጨምራል፣ ስለት ያለበት ሁሉ ፊቱን ወደ ደንገጎ ዳገት ያዞራል። ለቀብሩ ከአዲስ አበባ የተነሡት የቀድሞ ተማሪዎቹ ቁልቢ ላይ በተሳላሚው መኪና መሀል ተቀርቅረው ዋሉ። ሲደርሱ ቀባሪው ተመልሶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ንፍሮውን ቀምሶ ነበር። አንዱ፣ ዛሬ በቴሌቪዥን ድራማ ፊቱን የምታውቁት፣ ድንኳኑ በር ላይ ቆመና "መግቢያዬን አሳለፍኩ" አለ። ጋሼ በዕድሜው ሁሉ ብዙ ነገር ይቅር ብሏል፤ መግቢያውን ያሳለፈ ተዋናይ ግን ይቅር ሲል ያየ የለም።

ስሙን አልጽፍም፤ ቤተሰቡ እንዲህ እንዲሆን ነው የፈለጉት። ለነገሩ እኛም በስሙ ጠርተነው አናውቅም። ከዘጠነኛ ክፍል አማርኛ ያስተማራቸውም፣ ቅዳሜ ከሰዓት በየተገኘው አዳራሽ ቴአትር ያለማመደን እኛም፣ ለሁላችን ጋሼ ነበር።

የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ ነው፤ ከዚራ፣ ከነዚያ ረጃጅም ዛፎች ሥር ነው ያደገው። መድረክ ላይ መጀመሪያ የወጣው በደርግ ዘመን በቀበሌ የኪነት ቡድን ነበር። ያን ጊዜ ኪነት የሌለው ቀበሌ አልነበረም። ከሶማሊያ ጋር ከተደረገው የ1969 እና 1970 ዓ.ም. ጦርነት በኋላ ደግሞ የኪነቱ ድራማ ያለ ጀግና አይጀመርም፣ ያለ መሥዋዕትነት አይጨረስም፤ ስለዚህ አንድ ሰው መሞት አለበት። ጋሼ ቀጭን ነበር፣ ሲወድቅ አጥንቱ አይሰማም፣ ዓይኑን ገልጦ ሳያርገበግብ መቆየት ይችላል። በቃ፣ ሟች ሆኖ ቀረ። በየበዓሉ በጭነት መኪና ላይ በተሠራ መድረክ በጥይት ተመቶ ይወድቃል፣ እናቶች ያለቅሳሉ፣ ጭብጨባው ሲመጣ አቧራውን አራግፎ ተነሥቶ እጅ ይነሣል። ራሱ ሲያወራው "የሰፈሩ ሴት ሁሉ ቀብራኛለች" እያለ ይስቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪኩ አጭር ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ክፍል ገና ወጣት በነበረበት ጊዜ ገብቶ ተማረ፤ መንግሥቱ ለማም ደበበ ሰይፉም የሚያስተምሩበት ዘመን ነበር። ስለ ሁለቱ ሲያወራ ድምፁ ይለወጣል። ትምህርቱን ሲጨርስ አዲስ አበባ መቅረት ይችል ነበር፤ አልቀረም። ለምን እንደተመለሰ በተጠየቀ ቁጥር የተለየ መልስ ይሰጣል፤ እኔ የማምነው "እዚያ ማታ ይበርደኛል" ያለውን ነው። ስኳር በሽታው የጀመረው ጡረታ ሲወጣ ነው። ስለ በሽታው ይሄ ይብቃ።

አሁን ወደ ድንኳኑ ልመለስ።

በሠልስቱ ሰው ገና አልቀለለም። ጎረቤት፣ እድርተኛ፣ የምድር ባቡር ጡረተኞች፣ ከመጋላ ሰፈር የደቻቱን ወንዝ ተሻግረው የመጡ ነጋዴዎች፣ ሽርጥ ያገለደሙ ሽማግሌዎች፣ የእኛ የቴአትር ልጆች አንድ ጥግ። ካህኑ ጸልየው፣ መክረው ሄደዋል፤ ሲወጡም "ሙሾ ይቅር፣ ደረት መምታት ይቅር" ብለዋል። በሙስሊም ጓደኞቻችን ቤትም ያው ነው፤ ሙት እያወደሱ በዜማ መጮህ አይወደድም፤ ለተዕዚያ፣ ሐዘን ለመድረስ፣ የሄደ ሰው ዱዓ አድርጎ፣ አጽናንቶ ነው የሚነሣው። ስለዚህ ድንኳኑ ጨዋ ነበር፤ ከልክ በላይ ጨዋ። ሰው ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ መንገድ መዘጋጋት ያወራል። እኛም በስልካችን ውስጥ ተደብቀናል።

ከሴቶቹ መሀል አንዲት አሮጊት ተነሡ። ከጋሼ ቤት አለፍ ብሎ ቡና የሚያፈሉ ናቸው፤ እትዬ እንላቸዋለን። አልጮኹም፣ ደረታቸውን አልመቱም። ነጠላቸውን አደግድገው፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣ ሰው እንደሚወቅሱ ዓይነት እንዲህ አሉ፦

ስንቴ ሞቶ ሞቶ ሲነሣ አይተነው፣
የዛሬው ሞቱ ነው ሳይነሣ የቀረው።

መጀመሪያ አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ ሳቀ። ሳቁን ለማፈን አፉን ሲይዝ ወደ ለቅሶ ተለወጠበት። ከዚያ ድንኳኑ ሙሉ ተነቃነቀ። እትዬ የኪነቱን ዘመን ያውቃሉ፤ ከጭነት መኪናው ሥር ቆመው ካለቀሱት ሴቶች አንዷ ነበሩ። እኛ ወጣቶቹ ጋሼን የምናውቀው በአዘጋጅነቱ ነው፤ ተዋናይነቱን አላየንም፣ በወሬ ነው የሰማነው። በሁለት ስንኝ አንድ ያላየነውን ሰው አስተዋወቁንና ያንኑ ሰው ቀበሩት። ተቀመጡ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ቡና ቀዘቀዘ ብለው ልጅቱን ተቆጡ።

እኔ ያቺን ግጥም እስካሁን እያብላላሁ ነው። ቀለሟን፣ ማለትም ክፍለ ቃሏን፣ ብትቆጥሩ ስድስት ለስድስት ነች፤ የወል ቤት የሚባለው የግጥም ልክ። አንድ ትርፍ ቃል የላትም። "ሳይነሣ" የሚለው ሞትን ብቻ ሳይሆን እጅ ሳይነሣ መሄዱንም ሊያሰማ ይችላል፤ እትዬን ብጠይቃቸው ይህን ሁሉ አስቤ ነው እንደማይሉኝ አውቃለሁ፣ አልጠየቅኋቸውም። ሙሾ አውራጅን ከተዋናይ ቆጥሮ የሚያስተምር መምህር ግን ጋሼ ብቻ ነበር። "ድምፅ መማር የፈለገ ለቅሶ ቤት ሄዶ ይቀመጥ፤ የሰው ሞት ለመስረቅ ሳይሆን ሰው ሳያነብ እንዴት እንደሚናገር ለመስማት" ይለን ነበር። ልጆቹ ይሄ ነውር ነው ሲሉት "ሄዳችሁ እንጀራም ብሉ፣ ድንኳንም ትከሉ፣ ጆሯችሁን ግን ቤት አትተዉት" ይላል።

በዚያው ሳምንት ስልካችን በግጥም ተጥለቀለቀ። የቀድሞ ተማሪ፣ የተማሪ ተማሪ፣ ጋሼን አንድ ቀን መንገድ ላይ ያየ ሁሉ ጽፏል። ልቤ ደንድኖ አይደለም፣ ግን ልናገረው፦ አብዛኛው መጥፎ ነበር። ሁሉም ላይ ሻማ አለ። ሻማው ለእኛ ይቀልጣል፣ ብርሃኑ ለትውልድ ይተርፋል፣ መጨረሻው ላይ "አትሞትም" ይባላል። ያንኑ ግጥም ሰዋስውን ባስተማረ፣ ሒሳብን ባስተማረ፣ መኪና መንዳት ባስተማረ ሰው ስም መለወጥ ይቻላል፤ ምንም አይጎድልበትም። ጋሼ እኮ ሞተ። ሞቶ ነው የተሰበሰብነው። የእትዬ ግጥም ከሁሉ የበለጠችው ይህንን ሳትፈራ ስላለች ነው።

ይሄን ትዕግሥት ማጣት ከማን እንደወረስኩት አውቃለሁ፤ የመጣው ከ1998 ዓ.ም. ነው። ያ ዓመት ጋሼ ሁለት ጊዜ ለቅሶ ያስተማረን ዓመት ነው።

የካቲት ላይ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ኒውዮርክ ውስጥ ማረፉ ተሰማ። ጋሼ ክፍል ገብቶ ሰሌዳውን ጠረገና ቆመ። እኛ አጭር ንግግር ያደርጋል ብለን ጠበቅን። "ታላቅ ሰው ነበር የሚል ካለ ይውጣ" አለ። "ታላቅነቱን ሬዲዮው ይናገራል። እናንተ ስንኙን በሉ።" ከዚያ ከሰዓት ሙሉ ተራ በተራ አስነሥቶ የጸጋዬን ግጥሞች አስባለን። ያልያዘ ከጓደኛው ደብተር ያነባል። አንዱ ልጅ እንባ ተናንቆት ስንኙን መሀል ላይ ሲሰብረው ጋሼ አላባበለውም። "ከግማሹ ጀምር፣ ተንፍስ፣ እንደገና" አለው። ልጁ እንደገና አለ፤ እንደገና ተሰበረ፤ እንደገና አለ። በመጨረሻ ሲያቃናው ክፍሉ ሙሉ እፎይ አለ።

በዚያው ክረምት ደቻቱ መጣ። ድሬን የማያውቅ ሰው ደቻቱን ወንዝ ሲሏት ይገርመዋል፤ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነች፣ ሰው ያቋርጣታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትባታል። ዝናቡ ከላይ ደጋው ላይ ጥሎ ጎርፉ ሌሊት ከተማው ላይ ወረደ። ከ200 ሰው በላይ ሞተ፤ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ቤት አልባ ሆነ። ከቡድናችን አንዱ፣ መጻፍ የሚወድ፣ ወዲያው ስለ ጎርፉ ግጥም ጽፎ ለጋሼ አመጣለት። ጋሼ እጅጌውን ሰብስቦ ከአንድ ግቢ ጭቃ እያወጣ ነበር። ወረቀቱን ሳይገልጠው አጥፎ ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተተና አካፋ ሰጠው። "አርባው ይውጣ፤ ያን ጊዜ መልሼ እሰጥሃለሁ" አለው።

አርባው ሲወጣ መለሰለት። ልጁ ወረቀቱን አንብቦ "ይሄን እኔ ነኝ የጻፍኩት?" ብሎ አፈረ። ከዚያ ግማሹን ሰርዞ ሌላ ጻፈ፤ አዲሱ ላይ ሰማይ አያለቅስም፣ ወንዙም አይቆጣም፤ አንድ የሴት ጫማ ብቻ አለ፣ ያለ ጥንዱ። ጋሼ ያንን መድረክ ላይ አስባለው። ሰው ያን ማታ እንዴት እንዳለቀሰ አልነግራችሁም።

ግጥም ለቅሶ ቤት መግባት ያለበት ትንሽ ቆይቶ ነው የሚለውን ሐሳብ ያገኘሁት ከዚያ ነው። መጀመሪያ አካፋ፣ ውሃ፣ ድንኳን፣ ንፍሮ። የእትዬን ዓይነት ተሰጥኦ ያለው ሰው ወዲያው ይናገር፤ ሌላው ይቆይ። ስለዚህ የጋሼ ነገር ሲመጣ ምን እናድርግ ብለን ስንሰበሰብ ያለ ክርክር የተስማማንበት ነገር ቢኖር ይሄ ነው፦ አርባው እስኪወጣ ማንም ምንም መድረክ ላይ አይልም።

የተጣላነው በቀረው ሁሉ ነው። ገሚሱ የተጀመረው ቴአትር በቀኑ ይቅረብ አለ፤ ጋሼ ራሱ እያለማመደው የነበረ በግጥም የተጻፈ ኮሜዲ ነው። ገሚሱ በለቅሶ መሀል ኮሜዲ ምን ይባላል አለ። በመጨረሻ የአርባው ማታ ቴአትር ሳይሆን ግጥም ይሁን ተባለ፤ አንድ ሕግም ወጣ። ስለ ጋሼ የተጻፈ ግጥም አይባልም። እያንዳንዱ ሰው ጋሼ በቃሉ ያስጠናውን አንድ ግጥም ይዞ ይመጣል፣ ወረቀትም ስልክም አይያዝም። ሕጉን ያቀረብኩት እኔ ነኝ፤ የሻማ ገጣሚዎቹ እስካሁን አኩርፈውኛል።

ጋሼ ስንኝን የሚያስተምረው ከትርጉሙ አልነበረም፤ ከትንፋሹ ነው። የወል ቤት ስንኝ ስድስት ቀለም ሄዶ መሀሉ ላይ ያርፋል፣ ከዚያ ስድስት ሄዶ ቤት ይመታል። ሰንጎ መገን አምስት አምስት ነው፤ ቡሄ በሉ አራት አራት። እነዚህን እያጨበጨበ፣ እየረገጠ፣ አንዳንዴም ደረጃ እያስወጣን ነው ያስጠናን። ተዋናይ የሚወድቀው መሀሉ ላይ ትንፋሽ ሳይወስድ ቀርቶ መጨረሻው ላይ አየር ሲያጥረው ነው፤ ሕዝቡ ደግሞ የሚፈልገው የመጨረሻውን ቃል ነው። የአማርኛ ቴአትር ከግጥም ጋር ያደገ ነው፤ ዮፍታሔ ንጉሤ ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ነበር፣ ጸጋዬ ኦቴሎንም ሐምሌትንም በግጥም ነው ያናገራቸው። ይሄን ትንፋሽ ያልያዘ ልጅ እነዚያን መድረኮች አይዘልቃቸውም። (ጋሼ ይሄን ታሪክ ሲያወራ የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት የጻፉትን ተክለ ሐዋርያትን "የእኛ አገር ልጅ" ይላቸው ነበር። ትውልዳቸው ሸዋ ነው፤ ልጅ ሆነው ሐረር ራስ መኮንን ቤት ማደጋቸው ለጋሼ ይበቃው ነበር።)

ለቅሶ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ሰው ይሄ የት እንደሚወስድ ይገባዋል። ለቅሶ ትንፋሽ ይቆራርጣል። ሰው ሲንሰቀሰቅ አየሩ ተሰባብሮ ነው የሚገባው፤ መናገር የሚያቅተውም ቃል ጠፍቶበት አይደለም። በቃል የተያዘ ስንኝ ደግሞ ትንፋሽህን ከአንተ ተቀብሎ በራሱ ልክ ያስኬደዋል። ስድስት፣ አረፍ፣ ስድስት። ስለምን እንደሚያወራ እንኳ ለጊዜው ግድ የለም። የአርባው ማታ ያየሁት ይሄንን ነው።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። መጀመሪያ የወጣችው ከቡድናችን አንጋፋዋ ነች። አባቷ ጥብቅ ሰው ናቸው፤ ሙሾ ከሆነ አትሄጂም ብለዋት ነበር። ሕጉን ስትነግራቸው "የተማርሽውን መድገም ከሆነማ ሂጂ" አሏት፤ ራሳቸውም መጥተው ከኋላ ተቀምጠዋል። ያለችው ግጥም ሞት የሚባል ነገር የለበትም፤ አንዲት ልጅ ቀጠሮ ላይ ስለዘገየ ሰው የምትናገረው የፍቅር ግጥም ነው። ሁለተኛው ቤት ላይ ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ፤ ከፊት የተቀመጥነው ሁላችን ሳንነጋገር መሀሉ ላይ ትንፋሽ ወሰድን። እሷም ወሰደች። ቀጠለች።

ሁለተኛው አስቂኝ ግጥም ይዞ መጣ፤ ሰው ሳቀ፤ መሳቁ ይሻላል አይሻልም ብለን አስቀድመን የተከራከርነው ሁሉ ከንቱ ሆነ። ኦሮምኛ ያለች ነበረች፤ የኦሮሞን የጀግንነት ግጥም፣ ጌራርሳውን፣ ስትጀምር ከአዳራሹ መሀል የሚያውቁት ተቀበሏት። ከጅግጅጋ መጥቶ እዚህ የተማረው ልጃችን ደግሞ በሶማሊኛ ገበይ የሚባለውን ግጥም አለ። ገበይ ረጅም ነው፣ በአንድ ፊደል ድምፅ ከጀመረ እስከ መጨረሻው እያንዳንዱ ስንኝ ያንኑ ድምፅ የያዘ ቃል ይፈልጋል። ጋሼ ሁለቱን ሲያነጻጽር "እኛ የምንገጥመው በሩን ስንዘጋ ነው፣ እነሱ ሲከፍቱት" ይል ነበር። ሶማሊኛዬ የገበያ ሶማሊኛ ነው፣ ከገበዩ ብዙውን አልተከተልኩም። ያ ድምፅ ግን ስንኝ በስንኝ ተመልሶ በመጣ ቁጥር ትከሻዬ ይላላ ነበር። አጠገቤ የነበረው የምድር ባቡር ጡረተኛ ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ ጉልበቱን ይመታል።

እትዬም መጥተው ነበር። ይውጡ ስንላቸው "እኔ ያልኩትን ብያለሁ" ብለው እምቢ አሉ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ነገር ነው ያስቸገረን። የጋሼ ልጅ የግጥም ደብተሩን አምጥታ አሳየችን። ጋሼ ግጥም እንደጻፈ ማናችንም አናውቅም ነበር። ቤተሰቡ ይታተም ይላሉ፤ እኛን ምረጡ አሉን። አነበብነው። ጋሼ ገጣሚ አልነበረም። ስንኙ ልክ ነው፣ ቀለሙ አይጎድልም፣ ቤቱ ይመታል፤ ግን ሌሎች ሰዎች የተናገሩትን መልሶ የሚናገር ግጥም ነው። እሱ ራሱ ያውቀው ነበር ብዬ አምናለሁ፤ የመጨረሻው ላይ ያለው ቀን የ1980ዎቹ ነው፣ ከዚያ ወዲህ አንድም የለም። ሐረር ሲወስደን ጁገል ውስጥ፣ በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ፣ የራምቦ ቤት የሚባለው ፎቅ ፊት ያቆመንና ያን ፈረንሳዊ ገጣሚ ያነሣልን ነበር፤ ግጥሙን ሁሉ በወጣትነቱ ጽፎ የጨረሰ፣ ከዚያ ሐረር ገብቶ ቡናና ጠመንጃ የነገደ ሰው። ፎቁ ራምቦ የኖረበት እንዳልሆነም ይነግረናል። እኛ "እንዴት ግጥም ይተዋል?" እያልን ስናዝን ጋሼ ብቻ አያዝንም፤ "ማቆም ያወቀ ሰው ነው" ብሎ መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ ላይ የልብስ ሰፊዎቹን መኪና ድምፅ ሊያሰማን ይወስደናል፤ እሱም ምት አለው እያለ። አሁን ሳስበው ስለ ራሱ ጭምር ይናገር ነበር።

ለልጁ እውነቱን ነገርናት። አልተቀየመችም፤ "አባዬም ቢሆን ይሰርዘው ነበር" አለች። በደብተሩ ፈንታ የመማሪያ ማስታወሻዎቹን፣ የትንፋሽ ልምምዱን፣ የቀለም አቆጣጠሩን ሰብስበን በትንሽ መጽሐፍ ለማሳተም ተስማምተናል። የወረቀት ዋጋ ያስፈራል፤ ከማተሚያ ቤት የመጣው ሒሳብ ሌላ ለቅሶ ያስቀምጣል። ማስታወሻው ወይም የክፍል ደብተሩ በእጃችሁ ያለ የቀድሞ ተማሪዎቹ ፎቶ አንሥታችሁ ላኩልን፤ በተለይ ከ1990 ዓ.ም. በፊት የተማራችሁ፣ የዚያ ዘመን እጃችን ላይ ምንም የለም።

ኮሜዲው ይቀጥላል። ማን ያዘጋጀው የሚለው ገና ያጣላናል፤ ለጊዜው እኔና አንዲት የቡድናችን ልጅ በየተራ ነን፣ እሷ የምታሳርፈውን ቦታ እኔ አላሳርፍም፣ ተዋንያኑም መሀል ገብተው "ጋሼ እዚህ ጋ ተንፍሱ ብሏል" እያሉ ሁለታችንንም ይረቱናል። የግንቦት ሙቀት ሳይገባ ማሳየት እንፈልጋለን። ልምምዱ ቅዳሜ ከአሥር ሰዓት በኋላ ነው። አንድ ሽማግሌ የሚጫወት ሰው ይጎድለናል፤ ሁለተኛው ገቢር ላይ ይሞታል፣ ሦስተኛው ላይ ከዕዳ ሸሽቶ እንደሆነ ታውቆ ይነሣል። ጉልበቱን ሳይመታ መውደቅ የሚችል ይምጣ።